አይሊ ዝም ያለችበት ቅዳሜ

አይሊ ራንታላን ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ የሚያውቃት ሰው፣ ቅዳሜ የምትሆነውን ቢነግሩት «ተሳስታችኋል፣ ሌላ ሴት ትሆናለች» ይል ነበር። በታማራክ ፎልስ የወረቀት ፋብሪካ፣ በሠራተኞቹ ምግብ ቤት ነበር የምትሠራው። አጭር፣ ጉንጯ የቀላ፣ ነጭ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ የምታስር ሴት ነበረች። ጭልፋዋን ይዛ «የአተር ሾርባ ወይስ ድንች?» ስትል ድምጿ ከከንፈሯ አያልፍም። ግንድ ከሚላጥበት ክፍል የሚመጡት ወንዶች ደግሞ ጆሯቸው በማሽን የደነቆረ ስለሆነ ጭራሽ አይሰሟትም። እኔ አጠገቧ ቆሜ ዳቦ አድል ነበርና አፏ ሆኜ ኖርኩ ማለት ይቻላል። «ሾርባ ነው ወይ እያለችህ ነው፣ አንተ ድንጋይ!» ብዬ የምጮኸው እኔ ዳርካ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን የባሏን የጠጉር ቆብ እስከ ጆሮዋ ደፍታ፣ ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ተሸክማ በበረዶ ላይ ሆኪ ወደሚጫወቱበት አዳራሽ ትመጣለች። አዳራሹን የሠሩት የፋብሪካው ሰዎች ራሳቸው፣ ከፋብሪካው በተረፈ ሳንቃ ነው። ከደጁ ይልቅ ውስጡ ይበርድ ነበር። ሰው ሁሉ ሲተነፍስ ጉሙ ከጣሪያው ሥር ተንሳፎ ይቀራል፤ የእርጥብ ሱፍ፣ የትምባሆና መረቅ የፈሰሰበት የድንች ጥብስ ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ያውዳል። ዛሬ በቦታው የመኪና ማቆሚያ ነው ያለው። እኔ ግን እርጥብ ሱፍ በሸተተኝ ቁጥር እግሬ በድንገት ይቀዘቅዛል።

ቡድናችን «ዛፍ ቆራጮቹ» ይባል ነበር። ሊጋችን በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ጥቂት ከተሞች ብቻ የሚገናኙበት ትንሽ ሊግ ነው። ተጫዋቾቹ ቅዳሜ ተፈነካክተው ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገቡ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ፖስታ የሚያመጣልን ዋልተር ካሊናክ አጥቂያችን ነበር፤ ከዋልተር ጋር የተጣላ ሰው ደብዳቤው ይዘገይበታል ይባላል።

የአይሊ ቦታ ከእንግዳው ቡድን ግብ ጀርባ፣ ከሽቦ መረቡ ኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ነው። ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው እንግዳው በረኛ ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ይቆማል። ያን ጊዜ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴት ብድግ ትልና ጣሪያውን ታናጋዋለች። ከየት እንደምታወጣው እንጃ። ስድቧ ግን ብልግና የለበትም፤ ነገር ነው። በረኛውን በስሙ ጠርታ የምትለውን ስትል፣ አዳራሹ ሁሉ ለመስማት ጸጥ ብሎ ይጠብቅና በሳቅ ይፈነዳል።

ባሏ ቶይቮ አናጺ ነው። ሆኪ አይወድም። ለፊንላንድ ሰው ቅዳሜ የሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ቀን ስለሆነ፣ ጨዋታው ቀኑን ነጠቀኝ ብሎ ዕድሜ ልኩን እንዳኮረፈ ነው። እሷ አዳራሽ ስትሆን እሱ ከጓሯቸው ባለችው የሳንቃ ቤት ምድጃውን እያነደደ ይጠብቃታል። ስትመለስ «አሸነፋችሁ?» አይላትም። «በይ ተናገሪ» ይላታል። ድምጿ ተዘግቶ አንድ ቃል ማውጣት ካቃታት፣ ማሸነፋችንን ያውቃል።

ከበረኞች ሁሉ አይሊ አጥብቃ የያዘችው ኦቪላ ጋኞን የሚባለውን ነበር። ከሐይቁ ማዶ ከሴንት ኦዲል የመጣ፣ ትከሻው ቁም ሣጥን የሚያክል፣ አገጩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። በረኞች ፊታቸውን በጭምብል መሸፈን በጀመሩበት ዘመን እሱ «አይታየኝም» ብሎ ባዶ ፊቱን የሚቆም የመጨረሻው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ዘጠኝ ክረምት ሙሉ የእኛ አዳራሽ ሲመጣ የአይሊን ድምፅ በጀርባው ሲሰማ ኖረ።

«ኦቪላ! አንተ ወንፊት! ቤትህስ በሩን እንዲህ ከፍተህ ነው የምታድረው?»

አንዴ ደግሞ፣ ሰዉ ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ «ኦቪላ! እናትህ እየፈለገችህ ነው! ዱቄት ልትነፋ ነው፣ ወንፊቷ የት ሄደ እያለች ነው!» አለችው።

እኔ ከኋላው ስለነበርኩ አየሁት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። ሳቁን ሊውጥ ጎንበስ ሲል በዱላ የሚመቷት ጥቁሯ ጎማ በትከሻው ላይ አልፋ መረቡ ውስጥ ተገኘች። የሴንት ኦዲል አሰልጣኝ ኮፍያውን በረዶው ላይ ወርውሮ በፈረንሳይኛ የተናገረውን ከመካከላችን የተቀመጡት ቄስ እንዳይሰሙ ሁላችንም ጮኽን። ኦቪላ ግን ወደ መረቡ ዞሮ፣ በጨለማው ውስጥ ማን እንደሆነች ሳያይ፣ በዱላው የግቡን ብረት ኳ ኳ አደረገላት። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ሆነ። አዳራሽ ሲገባ ኳ ኳ፣ ሲወጣ ኳ ኳ። አይሊ ሰላምታ መሆኑን ብታውቅም «ብረቱ መኖር አለመኖሩን እየፈተሸ ነው፣ ግቡን እንዳይረሳው» ትል ነበር።

ከዚያ የሴንት ኦዲል እንጨት መሰንጠቂያ ተቃጠለ። ባለቤቶቹ መልሰው አልሠሩትም። ሰዉ ተበተነ፣ ቡድኑም ፈረሰ።

በዚያው ዓመት፣ በረዶ ገና ሳይጥል፣ አንድ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የአይሊ ጭልፋ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምን ሆንሽ፣ እትዬ አይሊ?» አልኳት።

«ኦቪላ» አለች በሹክሹክታ።

«የትኛው ኦቪላ?»

«ስንት ኦቪላ አለ!»

ቀና ስል አየሁት። አዲስ የሥራ ልብስ ለብሶ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ አዲስ ተማሪ ግራ ቀኙን እያየ ተሰልፏል። ፋብሪካችን ቀጥሮት ኖሯል። አይሊ ክንዴን ጨመቀችኝ። «ድምፄን እንዳይሰማ። አንቺ ጠይቂው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦቪላ ተራው ሲደርስ አይሊ ዱዳ ትሆናለች። በጭልፋዋ ወደ ሾርባው ትጠቁማለች፣ ወደ ድንቹ ትጠቁማለች፣ እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይመልሳል። ከድስቱ ሥር ሥጋ የበዛበትን ፈልጋ ነው የምትጨልፍለት። የመላጫ ክፍሉ ሰዎች «ለእኛ ውሃውን፣ ለፈረንሳዩ ሥጋውን!» ብለው ሲያጉረመርሙ አልሰማም ብላ ታልፋለች። አንድ ቀን ኦቪላ ዳቦውን ሲቀበለኝ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣

«እመቤት፣ ያቺ ደግ ሴትዮ መናገር አትችልም እንዴ? ያሳዝናል» አለኝ።

«ከሰኞ እስከ ዓርብ አትችልም» አልኩት። አልገባውም። «እግዜር ይርዳት» ብሎ ሄደ። አይሊ ወደ ድስቱ አጎንብሳ እስክታስል ሳቀች።

ነገሩ የተገለጠው በአንድ የተሰበረ የጋሪ ጎማ ነው። ሁለት ልጆች የፈላ ሾርባ የሞላበትን ትልቁን ድስት በጋሪ እየገፉ ከማድ ቤት ሲወጡ፣ የጋሪው ጎማ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተቆረጠ። ድስቱ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ኦቪላ ነበር። እኔ ዳቦውን ጥዬ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

«ኦቪላ! በግራህ!»

መስኮቱ ነው የተንቀጠቀጠው። ኦቪላ ዞሮ እንኳን አላየም። ወደ ቀኝ ተወርውሮ በአንድ ጉልበቱ ሲወድቅ፣ ግራ እጁ የምግብ ትሪውን እንደ ጋሻ አነሳው። ሾርባው ትሪውን መትቶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ጫማው ላይ ጥቂት ፍንጣቂ ከመውደቁ በቀር ምንም አልነካውም።

ያ ሁሉ ወንድ ማንኪያውን እንደያዘ ዞረ። ኦቪላ ከተንበረከከበት አልተነሳም።

«አሁን የጮኸው ማነው?» አለ።

መላው ምግብ ቤት በማንኪያው ወደ አይሊ ጠቆመ። እሷ ሽርጧን አንስታ ፊቷን ሸፈነች።

«እርስዎ ነዎት?» አለ ኦቪላ። «ያ ድምፅ… ከእርስዎ ነው የሚወጣው? ኧረ በማርያም! እኔ እኮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጢም ያላት ሴት ናት ብዬ ነው የማስበው! ከእኔ የምትረዝም!»

ሳቁ ጋብ እስኪል ብዙ ቆየ። አይሊ ከሽርጧ ጀርባ አንድ ዓይኗን አወጣችና፣ በዚያች ደቃቃ ድምጿ፣ «እናትህ ደህና ናት?» አለችው።

«ደህና ናት። ዱቄቱን ግን እስካሁን የነፋላት የለም።»

ከዚያ በኋላ ኦቪላ የራንታላዎች ሰው ሆነ። ብቻውን በፋብሪካው ማደሪያ ይኖር ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ቤት ይሄዳል። ወደ ሆኪ ግን አይመጣም። አይሊ ብርድ ልብሷን ተሸክማ ስትወጣ እሱ ከቶይቮ ጋር ሳውናው ደጅ እንጨት እየፈለጠ ይቀራል። «ልምጣ አላለሽም?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ቡድኑ ከፈረሰ ወዲህ በረዶ አልረገጠም። ቁስል ነው፣ አትነካኪው» አለችኝ።

በጥር አንድ ቅዳሜ ቶይቮ ራሱ አባረረው። ቶይቮ ኋላ እንደነገረኝ፣ ከአዳራሹ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ኦቪላ መጥረቢያውን አየር ላይ አቁሞ ጆሮውን ይጥል ነበር። ጌታው የጠፋበት ውሻ ነው የሚመስለው። «ዛሬ እሳት አላነድልህም» አለው ቶይቮ። «እኔ ሆኪ አልወድም፤ አንተ ትወዳለህ። ሁለታችንም እዚህ ቁጭ ማለት የለብንም። ሂድ!»

ጨዋታው ሊጀመር ሲል የአዳራሹ በር ተከፈተና ኦቪላ ገባ። ወዲያው አወቁት።

«ኦቪላ! በሩን ዝጋ፣ ዛሬ እንኳ!» አለ አንዱ ከላይ።

«ተዉት፣ መዝጋት መቼ ያውቅበታል!» አለ ሌላው።

ሳቅ ሆነ። እሱም ፈገግ ብሎ በሩን በሁለት እጁ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ዘጋው። ጭብጨባው ቀለጠ። መጥቶ በእኔና በአይሊ መካከል ተቀመጠ፤ አግዳሚው አቃሰተ።

እንግዳው ቡድን ከኮፐር ቤይ የመጣ ነው። በረኛው ላይል የሚባል ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር፤ አይሊ አጥንቱን ትግጠዋለች ብለን ጓጓን። አይሊ ግን ቁጭ አለች። ፔርሙዟን በጉልበቷ ይዛ፣ አፏን ገጥማ። ሰው ዞር ዞር እያለ ያያት ጀመር። ከኋላችን «እትዬ አይሊ ታመመች እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በረዶው ላይ ያሉት ልጆቻችን ሳይቀሩ ቀና እያሉ ወደ እኛ ያያሉ። እግራቸው ታሰረ። አንድ ገባብን፣ ሁለተኛ ገባብን። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዋልተር አንድ ቢያገባም፣ እነሱ ሦስተኛ ጨመሩ። ሦስት ለአንድ።

በእረፍቱ ኦቪላ የድንች ጥብስ ገዝቶ መጣ። ለአይሊ ሲያቀርብላት፣

«ለምን ዝም አሉ?» አላት።

አይሊ ድንቹን አልነካችም። «አጠገቤ ተቀምጠህ ምን አፍ አለኝ? ዘጠኝ ክረምት ሙሉ የሰው ልጅ ስሰድብ መኖሬ ዛሬ ገና ታየኝ። ያ ልጅም እናት አለው።»

ኦቪላ ወደ በረዶው ዞረ። የበረዶ መጥረጊያው ፈረስ የሚያክል ማሽን እየዞረ ውሃ ሲያፈስስ፣ በረዶው መስታወት ይመስል ነበር።

«የመጨረሻው ዓመት ላይ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ተመልካች አልነበረንም» አለ ቀስ ብሎ። «ወንዱ ሥራ ፍለጋ ሄዷል። አግዳሚው ባዶ ነው። ሳድን የሚያጨበጭብ የለ፣ ሲገባብኝ የሚሰድበኝ የለ። ጎማዋ ሳንቃውን ስትመታ ብቻ ነው የምሰማው። ታዲያ እዚህ ስንመጣ፣ ገና ከአውቶቡሱ ስወርድ፣ ዛሬ ስሜን የሚጠራ ሰው አለ እል ነበር። እርስዎ ስድብ ይሉታል። እኔ ግን…» ትከሻውን ሰበቀ። «ድንቹ እየቀዘቀዘ ነው።»

አይሊ አንዲት ድንች አነሳች፤ አልበላቻትም፣ ያዘቻት ብቻ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። እኔም ወደ ጫማዬ አየሁ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀመረ። ላይል ከፊታችን ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አይሊ አሁንም ዝም አለች። ያን ጊዜ ኦቪላ ብድግ አለ። ያን ግዙፍ ደረቱን በአየር ሞልቶ፣ ድምፁ መሃል ላይ እየተሰነጠቀ፣

«ላይል! አንተ… አንተ… በር!» ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ግራ ገባው። ላይል እንኳን ዞሮ አየ። ከዚያ አንዱ «በር ከሆነማ ይዘጋል፣ ምን ጎደለው!» ሲል ሰዉ በሳቅ አለቀ። ኦቪላ እስከ አንገቱ ቀላ።

«በል ቁጭ በል!» አለች አይሊ እጅጌውን ጎትታ። «እንዲህ አይባልም! ሰውየውን እያመሰገንከው ነው እኮ!» ፔርሙዙን እኔ ጭን ላይ ጣለችው። ቆቧን ወደ ኋላ ገፋች። ተነሳች።

«ላይል! ልጄ! አንድ እግርህ ኮፐር ቤይ ነው፣ አንዱ እዚህ! መሃሉን ማን ይጠብቀው? አያትህ?»

ጣሪያው የተነሳ መሰለኝ። ሰዉ ለስድቡ ሳይሆን ድምጿ በመመለሱ ነው የጮኸው። የአግዳሚውን ሳንቃ በእግሩ ይደበድባል፤ አቧራው ከላይ ይዘንባል። ዋልተር ካሊናክ ከመሃል ሜዳ ጎማዋን ነጥቆ ሲመጣ ሁለት ሰው ሊያስቆመው ሞከረ፤ አንዱን በትከሻው አለፈው፣ ሌላው በራሱ ዱላ ተጠልፎ ወደቀ። ሁለተኛውን አገባ። ሦስተኛውን ማን እንዳገባው እስከ ዛሬ ክርክር አለ፤ አምስት ሰው ተቆላልፎ ግቡ ውስጥ ወድቆ ነበርና ጎማዋ ከሥራቸው ተገኘች።

አራተኛውን አላየሁትም። ይህን መናገር አለብኝ፤ ያን ምሽት እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አየሁ ይላል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ተነሳ፣ የታየኝ የካፖርቱ ጀርባ ብቻ ነው። ከግቡ ኋላ ያለው ቀይ መብራት ቦግ ሲል ግን አየሁ። ከዚያ በኋላ ኦቪላ አይሊን ከወገቧ ይዞ እንደ ሕፃን ወደ ላይ አንስቷት ነበር፤ እሷ አየር ላይ ሆና እግሯን እያንፈራገጠች «አውርደኝ፣ አንተ ጅል!» ትላለች፤ ድምጿ ግን ሄዷል፣ የሚሰማው ንፋስ ብቻ ነው። እኔም ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለሁ መስሎኝ «አውርደኝ እያለችህ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

አራት ለሦስት።

ላይል አንገቱን ደፍቶ ከበረዶው ሲወጣ ኦቪላ ወደ ሽቦ መረቡ ወረደና ጠራው። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ልጁ ግን ጭምብሉን ገልጦ፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ፣ እየሳቀ ነው የሄደው።

ስንወጣ ብርዱ አፍንጫ የሚያጣብቅ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ የሚወጣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከመኪኖቹ ግማሹ በብርድ ሞቷል፤ አልነሳ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ይራገማል። ያን ምሽት ግን ወደ ቤት ለመሄድ የቸኮለ አልነበረም። ወንዶቹ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየሄዱ ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበን ጎሎቹን ደግመን ደጋግመን እናገባለን። ከመጀመሪያው መኪና እስከ መጨረሻው ከፊት ሆኖ የገፋው ኦቪላ ነበር፤ ስሙን የማያውቅ ሰው በዚያ ሜዳ አልቀረም። «ኦቪላ፣ ወደዚህ!» «ኦቪላ፣ የእኔንም!» ይሉታል። የእኛ መኪና ሲደርስ ባሌ መሪውን ያዘ፣ ኦቪላና ዋልተር ከኋላ ገፉ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ተነሳ። በኋላ መስኮቱ ስመለከት፣ አይሊ የኦቪላን የወደቀ ጓንት ከበረዶው አንስታ እያራገፈች ቆማ ነበር።